ልደታ የሰፈር ስም አይደለችም
የአቶ ባሕሩ ይግዛው የሕይወት ታሪክ

አቶ ባሕሩ ይግዛው በኅዳር ወር 1951 ዓ.ም. ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ ከአባታቸው ከአሥር አለቃ ይግዛው ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቅአየሁ አድማሱ ተወለዱ። አባታቸው በሠራዊቱ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደውን፣ ታቅፈው የሚነፉትን ትልቁን የነሐስ መሣሪያ ይጫወቱ ነበር። አቶ ባሕሩ ወፍራም ድምፅ መውደድን ያመጡት ከዚያ ነው። «አባቴ ሲነፋ የቤታችን ቆርቆሮ አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር» እያሉ ይስቁ ነበር።

እሳቸው አራት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው፣ ግንቦት 1 ቀን፣ በልደታ ዕለት እኅታቸው ተወለደች፤ በቀኑም ስም ልደታ ተባለች። ሌላ ወንድምም እኅትም አልነበራቸውም።

ትምህርታቸውን አዘዞ ጀምረው ጎንደር ከተማ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። በ1972 ዓ.ም. ጊዜው አላስቀምጥ ሲላቸው፣ እኅታቸውን ይዘው ከልብ ጓደኛቸው ከአቶ ሰላምሰገድ ጋር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ልደታን መንገድ ላይ የያዛት ወባ ገዳሪፍ ካለው የስደተኞች ጣቢያ ደርሳም አልለቀቃትም፤ በዐሥራ ሰባት ዓመቷ ዐረፈች። ካህን አልተገኘም፣ ፍትሐት አልተደረገላትም፣ የሕይወት ታሪኳንም ያነበበ ሰው የለም። በአርባዋ ቀን ግን አቶ ባሕሩ ክራር ተውሰው፣ ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጠው፣ ዜማ አወጡላት። ቃል ሊያገቡበት ሞክረው አልሆነላቸውም፤ እንዲያው ዜማ ብቻ ሆኖ ቀረ። ያን ዕለት አጠገባቸው ተቀምጠው እያለቀሱ የሰሙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ አቶ ሰላምሰገድ።

በ1977 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር በ1985፣ ሁለቱ ጓደኛሞች ስዊድን ገብተው አልቢ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተው ኖሩ። ለአቶ ሰላምሰገድ ቋንቋው ቶሎ ገባቸው። አቶ ባሕሩ ግን ስልክ ማንሳት እንኳ ይፈሩ ነበር። ከሐኪም ቤት እስከ ኮሙዩን፣ ማዘጋጃ ቤት፣ የአቶ ባሕሩ አፍ አቶ ሰላምሰገድ ነበሩ። አቶ ባሕሩ ወፍራም ድምፅ ያለውን ባስ ጊታር፣ አቶ ሰላምሰገድ ኪቦርድ ይዘው ከሁለት ስዊድናውያን ወጣቶች ጋር «ግሮ ስኖ»፣ ግራጫ በረዶ፣ የሚባል ባንድ አቋቋሙ። ጨዋታቸው ጊታሩ የሚጮህ፣ በሬዲዮ ከተለመደው የራቀ፣ አማራጭ ሮክ የሚሉት ዓይነት ነበር።

በዚሁ በፈረንጁ አቆጣጠር በ1993 መጀመሪያ፣ ሱንድቢበሪ ባለ ምድር ቤት ውስጥ አልበማቸውን መቅዳት ጀመሩ። ስሙን «ዶራርና ስቴንግስ» አሉት፤ «በሮቹ ሊዘጉ ነው» እንደ ማለት፣ ቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡር፣ የተሳፈረ ሁሉ በየፌርማታው የሚሰማው ቃል ነው። ስድስት ዘፈን ቀድተው ሰባተኛው እምቢ አላቸው። ሌሎቹ አየር ሊቀበሉ ሲወጡ አቶ ባሕሩ ብቻቸውን የልደታን ዜማ በባሳቸው መጫወት ጀመሩ። ለካ ቴፑ አልጠፋም ነበር። ዘፋኙ ፔር ሲጋራውን ጥሎ ከአቶ ሰላምሰገድ ጋር ተመለሰና «ይህ ምንድን ነው? የማን ነው?» አለ።

አቶ ባሕሩ በአማርኛ የመለሱት ማናችንም የምንመልሰውን ነው። «ኧረ እኔ ምን አለኝ! የእግዜር ነው» አሉ። ሰው ሲያደንቀን አንገት ደፍተን እንዲህ ማለት ያደግንበት ነው፤ ይህን ሰምቶ «ባለቤት የለውም ማለቱ ነው» የሚል አበሻ የለም። አቶ ሰላምሰገድ ግን የጥንት ያገር ዜማ ነው፣ ያወጣው ሰው አይታወቅም ብለው ተረጎሙ። ስሙን ሲጠየቁ «ልደታ» አሉ። ልደታ ምንድን ናት ሲባሉ፣ አዲስ አበባ ያለች ሰፈር ናት አሉ። አቶ ባሕሩ ከንግግሩ ውስጥ የእኅታቸውን ስም ብቻ ለዩ። ጓደኛዬ ስለ እሷ እየነገረልኝ ነው ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለፔር ጎንበስ አሉ።

አልበሙ በግንቦት ወጣ። በሽፋኑ ጀርባ፣ በሰባተኛው ዘፈን ትይዩ፣ «ልደታ፤ ባህላዊ ዜማ፤ ቅንብር ሰላምሰገድ» የሚል በስዊድንኛ ተጽፎ ነበር። አቶ ባሕሩ «ባህላዊ» የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላት ፈልገው አገኙት። አቶ ሰላምሰገድን ቢጠይቁ «የማተሚያ ቤቱ ስሕተት ነው ባሕሩዬ፤ ሲደገም ይስተካከላል» ተባሉ። አመኑ። ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ ግን ባሱን ከሣጥኑ አላወጡትም።

አልበሙ ሮክ ለሚወድ የዚህ አገር ሰው ትልቅ ነገር ሆነ። ጋዜጦች ዘመኑን ከእሱ በፊትና ከእሱ በኋላ ብለው ከፈሉት። ከኋላ ይቆም የነበረው ባስ ፊት የወጣው በዚያ ሰባተኛ ዘፈን ነው ይላሉ። ጊታሮቹ ዝም ብለው ቆይተው መጨረሻ ላይ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ይገባሉ። ከዚያ ወዲህ የተነሡ ባንዶችም እየተቀባበሉ ተጫወቱት።

አቶ ባሕሩ ውሎ አድሮ ቋንቋውን ተምረው፣ በ1995 የቱነልባና ሾፌር ሆነው ጡረታ እስኪወጡ በአረንጓዴው መስመር ሃያ ስምንት ዓመት አገለገሉ። የሥራ ባልደረባቸው አቶ ሱለይማን «ወላሂ ባሕሩ፣ በዓለም ላይ በየሁለት ደቂቃው አልበሙን የሚያስተዋውቅ ሙዚቀኛ አንተ ብቻ ነህ!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። «ምን ላድርግ፣ በሩ መዘጋት አለበት» ይሏቸዋል፤ ይሳሳቃሉ።

በ1996 ከወይዘሮ ውብነሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ ሮግስቬድ ቤት መሥርተው፣ ኢየሩሳሌምንና ዕንባቆምን ወለዱ። በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ጫካ ንፍሮ ይዘው ይወጣሉ፤ ጎረቤት ይጠራሉ፤ ሰው ጨዋታ ሲይዝ እሳቸው ዜማውን በጉሮሯቸው ያንጎራጉራሉ። አልቢ ሳሉ አቶ ሰላምሰገድም ይህን ቀን አብረዋቸው ያከብሩ ነበር። ከ1993 በኋላ አልመጡም።

ኢየሩሳሌም የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት መጥታ በስዊድንኛ «ፓፓ፣ የሙዚቃ መምህሯ ያገራችንን ዘፈን አሰማችን፤ ማን እንዳወጣው ማንም አያውቅም አለች» አለቻቸው። «ጥሩ መምህር ናት፤ የምታውቀውን ነው የነገረቻችሁ» አሉና ከቁም ሣጥኑ አልበሙን አውጥተው ሽፋኑን አሳዩዋት። ከሰባተኛው ዘፈን ጎን በእርሳስ፣ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ነበር። ልጅቱ ፊደሉን አታነብም።

«ምን ይላል?»

«አክስትሽ ናት ይላል።»

በ2023 የአልበሙ ሠላሳኛ ዓመት ሲከበር፣ አቶ ባሕሩ እንደገና ከመታተሙ በፊት ስለ እርማቱ ለአቶ ሰላምሰገድ ደጋግመው አሳሰቡ። አዲሱ ኅትመት ሲወጣ ቃሉ እንደ ነበረ ነው፤ ይባስ ብሎ በውስጡ የልደታ ሰፈር ፎቶግራፍ ተጨምሮበታል። አቶ ሰላምሰገድም በቴሌቪዥን ቀርበው «የሰፈሩ እናቶች ሲያንጎራጉሩት እሰማ ነበር» አሉ። አቶ ሰላምሰገድ የአዘዞ ልጅ ናቸው፤ ልደታ ሰፈር ኖረው አያውቁም።

አቶ ባሕሩ በዚያው ሰዓት ደወሉ። «ሰላሜ፣ የኔን ስም ተወው። እሷን ግን ሰፈር አታድርጋት።»

«ባሕሩዬ፣ የእግዜር ነው ያልከው አንተው አይደለህም እንዴ?»

ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ወይዘሮ ውብነሽ «ምን አለህ?» ሲሏቸው «የራሴን ቃል መለሰልኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር ለአቶ ሰላምሰገድ አልደወሉም።

በ2024 መጸው የጣፊያ ካንሰር ተገኘባቸው። ንስሐ ገብተው፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ ሕመሙን ያለ ማጉረምረም ታገሡት። አቶ ሰላምሰገድ አንድ ቀን ብርቱካን ይዘው ጠይቀዋቸዋል፤ ስለ ልደታ አልተነሣም። እንግዳው ከሄዱ በኋላ አቶ ባሕሩ ቤተሰቡን ሰብስበው «በቀብሬ ቀን ወረቀት ታሳትሙ የለ? እሱ ላይ አስተካክሉት። ሰላሜም መምጣቱ አይቀርም፤ ወንበር ስጡት፣ ወረቀቱንም ስጡት» አሉ። መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ስለዚህ፣ እስከ ዛሬ በየትም ያልታተመው እዚህ ታትሟል፦

ልደታ። ዜማ፦ ባሕሩ ይግዛው፣ ገዳሪፍ፣ 1972 ዓ.ም.። ለእኅታቸው ለልደታ ይግዛው የአርባ መታሰቢያ።

አቶ ባሕሩ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውብነሽን፣ ልጆቻቸውን ኢየሩሳሌምንና ዕንባቆምን፣ እንዲሁም የአንድ ዓመት የልጅ ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። የልጅ ልጃቸው ስም ልደታ ነው።

ካህናት አባቶቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ዛሬ በፍትሐቱ አቶ ባሕሩን በክርስትና ስማቸው ኃይለ ገብርኤል ብላችሁ ስትጠሩ፣ ፍትሐት ሳይደረግላት አርባ አምስት ዓመት የቆየችውን እኅታቸውን ልደታን፣ ወለተ ማርያምን፣ አብራችሁ ጥሩልን። ዜማው የማን እንደ ሆነ የሚያውቀው አምላክ ሁለቱን በአንድነት ይቀበላቸው፤ በየስማቸውም ይጥራቸው። አሜን።