የባሕሩ ድርሻ

ደምለው ዓለሜ፣

ከተለያየን አሥራ አንድ ወር ሞላ። ደብረ ታቦር ብርዷን አልተወችም። ከመስኮታችን ጉና አሁንም ይታያል፤ ግማሹን ግን የጎረቤት ፎቅ ጋርዶታል። ጋቢህን እኔ እለብሰዋለሁ። መጻሕፍትህን ታስተምርበት ለነበረው ትምህርት ቤት ሰጠሁ። ደብተሩን ብቻ አስቀረሁ።

የምጽፍልህ ስለ ደብተሩ ነው። እስካሁን ያልኩህ እጄ እንዲፍታታ ነው።

በተጋባን ዓመት ወደ ተወለድክባት ምድር የወሰድከኝን ታስታውሳለህ? ከወረታ ወዲያ ጭቃ ነበር፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ተከተልኩህ። ጣና ውስጥ እንደ ክንድ የተዘረጋች ምድር። ጥቁሩ ድንጋይ ድሮ እሳት እንደነበረ ነገርከኝ። ክረምት ሲገባ ዓሣው ሐይቁን ትቶ ሊራባ በርብና በጉማራ ወደ ላይ እንደሚወጣ። ኅዳር ላይ ይብራ የምትሉት የውሃ ወፍ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ። በክፉ ዘመን ታቦቱ የተሸሸገበትን ዋሻ አሳየኸኝ፤ ጨለማው አስፈራኝና አልገባሁም። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል በየእረፍትህ እየሄድክ ሽማግሌ ስትጠይቅ፣ በደብተሩ ስትጽፍ ኖርክ። እኔ ቀናሁ። በድንጋይ የሚቀና ሰው አለ?

ልማዱን አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት ሰዉ በየዓመቱ በዕጣ ይካፈላል። ከታች፣ ደንገሉ የበቀለበት ዳር ግን ለማንም አይደርስም። የባሕሩ ድርሻ ነው። ዓሣው የሚጠጋበት፣ ወፉ ጎጆ የሚሠራበት፣ ጉማሬው የሚወጣበት። ባሕር ድርሻውን ከነጠቁት ሌላ ቦታ ሄዶ ይወስዳል ይላሉ።

ዘንድሮ ውሃው እጅግ ራቀ። እምቦጭም ዳር ዳሩን ሸፈነው። ጎረምሶቹ ደንገሉን አጭደን እንረስ አሉ፤ ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ፤ ድንበሩ የት እንደሆነ ግን እነሱም አልተስማሙም። ያኔ ቄሰ ገበዙ ያንተ ደብተር ይታይ አሉ። የሟች ቃል አይሻርም ተባለ። በጥር ተጠራሁ።

በመሄጃዬ ዋዜማ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። መጀመሪያው አካባቢ፣ በቀለም፣ ድንበሩ ሾላው ነው ብለሃል። ወደ መጨረሻው ግን በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «የጥንቱ ድንበር ሾላው አይደለም፤ ከእሱ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። በችጋሩ ዓመት ወደ ሾላው ያወረደው አባቴ ነው። ሊሞት ሲል ነገረኝ። ለሙላት እንዴት ብዬ ልንገረው?»

አልነገርከውም። ከድንጋዩ እስከ ሾላው ያለውን አባታችሁ ስላቀናው፣ ከዕጣ ውጭ ለእናንተ ቤት ቀርቷል። ታናሽ ወንድምህ ሙላት ሽምብራ ይዘራበታል። ልጆቹ የሚበሉት ከዚያ ነው። ለእኔም አልነገርከኝም፤ ስንት ዓመት ከአንድ ማዕድ እየበላን።

በእርሳስ የጻፍከው እንዲጠፋ ነው? ወይስ ቀለም አልቆብህ? ላጲሱ መሳቢያው ውስጥ ነበር። አውጥቼ ያዝኩት። ይህንንም እወቅብኝ። ብዙ ያዝኩት።

ሽማግሌዎቹና ጎረምሶቹ በቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁኝ። አንድ ሽማግሌ ጉማሬ እንኳ ያለ ደብተር ድንበሩን ያውቃል፣ እኛ ግን ከደብረ ታቦር ሴት አስመጣን ብለው አሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሁለቱንም ገጽ አነበብኩ። ስለ ሙላት የጻፍከው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ እሱን አየሁት፤ ቄሰ ገበዙ አይዞሽ ልጄ አሉኝና ጨረስኩት።

ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። በኋላም፣ የተዘራው ሽምብራ ይሰብሰብ፣ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ለባሕሩ ይለቀቅ፣ ሙላትም እንደ ሰው ሁሉ ዕጣ ይግባ ተባለ። ጎረምሶቹ የሟቹ ቤት ከለቀቀ እኛም ደንገሉን አንነካም አሉ። ደንገሉ ተረፈ፤ አንተ የምትፈልገው ይህ ነበር። ነበር አይደል?

ሙላት ቦርሳዬን እስከ መኪናው ተሸከመልኝ። በሩን ሊዘጋልኝ ሲል፣

«እታለም፣ አንዲት ገጽ ዘለሽ ማንበብ አቃተሽ?» አለኝ።

አንዳንድ ቀን እህል ስበላ ልጆቹ ትዝ ይሉኛል፤ አቆማለሁ። ከጓዳዬ ጤፍ ልላክላቸው ብዬ አስባለሁ፤ ካሳ ይመስልብኛል ብዬ እፈራለሁ። ሳልልክም እፈራለሁ።

መጋቢት ላይ ሙት ዓመትህን እዚያው በተወለድክባት ምድር አወጣለሁ። ሙላትን በሰው አስጠርቼዋለሁ፤ እስካሁን ድምፁ የለም። ባይመጣም በጸሎቱ ስሙን ካንተ ስም ጋር አስጠራለሁ።

የሚያውቁህ ሁሉ ደጉ መምህር ይሉሃል። እውነት ነው። እኔ የማልረሳው ግን ሌላውንም ነው፤ እውነቱን አውቆ፣ ወንድሙን ወድዶ፣ ሁለቱን ማስታረቅ አቅቶት ዝም ያለውን ሰው። ለማንም ብዬ አልደብቀውም። ያገባሁት እሱን ነው።