ጳጉሜን የረሳው ወረቀት

ቆቦ፣ መስከረም 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ውድ ትርንጎዬ፣

በዚህ በረቡዕ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ መቃብርሽ አጠገብ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስጽፍ ብታዪኝ፣ “ምነው፣ አሞሃል እንዴ?” ትዪኝ ነበር። ደኅና ነኝ። ዕረፍት ላይ ነኝ። ይህን ቃል ስለ ራሴ ስጽፈው ገና የመጀመሪያዬ ነው። እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርሽ፤ ጥፋቴንም ሳልደብቅ።

አንቺ ካረፍሽ ወዲህ የምግብ ቤታችን ሠራተኞች ተራ መያዣው ጠፍቶኝ ነበር። አንቺ በቃልሽ ነበር የምታውቂው። ማን ማታ ይማራል፣ የማን እናት ሮቢት ላይ ታማለች፣ የማን ማኅበር በስንት ቀን ይውላል፣ ሁሉም ልብሽ ውስጥ ነበር። ጠዋት በር ላይ ቆመሽ “ዛሬ ምን አለብሽ?” ትያቸዋለሽ፤ ቀኑም ይደላደላል። እኔ አንዴም ልብ ብዬ አላየሁሽም። አንቺ ስትሄጂ የቀረኝ ጭቅጭቁ ብቻ ሆነ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደብተር ገዝቼ በማስመሪያ አሰመርኩ። የነሐሴን ሠላሳ ቀን፣ ጠዋትና ማታውን፣ ለስድስቱም፣ ለነኡሙልኸይር፣ ለነውዱ፣ ለነታሂር፣ እኩል አከፋፈልኩ። ማንም ከማንም በአንዲት ቀን አይበልጥም። ከጎኑ የመስከረምንም እንዲሁ ሠራሁ። ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ “መቀያየር ክልክል ነው” ብዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ከስድስተኛ ክፍል ለቀረ ሰው ቀላል ሥራ አይደለም። የዚያን ቀን ስጸልይ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ትንሽ ትንሽ ራሴንም።

ነሐሴ አለፈ። ዝም ስላሉ የተስማሙ መሰለኝ።

ጳጉሜን አንድ፣ ሰኞ ጠዋት በሩን ከፍቼ ብጠብቅ ማንም የለም። አራት ሰዓት ላይ የመቀሌው አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፤ ከኋላው ሌላ። ሰዉ እጁን ታጥቦ ቁጭ አለ። ትርንጎ፣ እንቁላል መጥበስ እንደማልችል ታውቂያለሽ! አንዲት ተሳፋሪ ጭሱን አይታ ገባችና፣ “እግዚኦ! ዞር በል እስቲ አባባ” ብላ መጥበሻውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ሻዩን ሹፌሩ ራሱ ቀዳ።

እነሱን እንደሸኘሁ በንዴት ኡሙልኸይር ቤት ሄድኩ። አንቺ ያስገባሻት ወጥ ቤታችን፣ አሁን ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታጥባለች።

“ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?” አልኳት።

“ወረቀቱ ላይ አለ?” አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ነሐሴ ሠላሳ አለቀ። ቀጥሎ መስከረም አንድ ነው የሚለው። ታሂር ምን ቢል ጥሩ ነው? ‘ጳጉሜን ድሮም ደሞዝ የላትም፤ ጋሽ ሙላው ጭራሽ ከወርነት ሰረዛት!’”

ለካ አምስቱን ቀን ረስቻቸዋለሁ! አሥራ ሦስት ወር ባለው አገር ተወልጄ፣ እዚሁ ሸምግዬ! ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል አየኋት። እሷ አልሳቀችም።

“ጋሽ ሙላው፣ ከኢድ በኋላ ዋጃ መግባቴ ነው። እዚያ ሥራ አግኝቻለሁ።”

“ምን በደልኩሽ? እኩል አይደለም ወይ ያካፈልኩት?”

“ወላሂ፣ እኩል ነው። ግን በዚህ ረመዳን አሥራ ሦስት ማታ፣ መግሪብ ሲል፣ እኔ የሰው ወጥ እያማሰልኩ ነው። ማፍጠሪያ ተምሬን ምድጃው ሥር ቆሜ ነው የዋጥኳት። ውዱ ‘እኔ ልቁምልሽ’ ብላ ነበር፤ ቀይ እስክሪብቶህን ፈርታ ተወችው። እትዬ ትርንጎ ብትኖር አንዲት ቃል ትጠይቀኝ ነበር።” ልብሱን ጨመቀችና ቀጠለች፤ “ደሞስ ወረቀቱ ላይ ያንተ ስም የታለ?”

መንገዱን ሁሉ ራሴን ስጠይቅ ሄድኩ። ዕድሜ ልኬን ጾሜያለሁ፤ አጠገቤ ቆማ የምትጾም ሰው ግን አላየሁም። መቁጠር ችዬ ነበር፤ መጠየቅ ግን አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ስድስቱንም ሰብስቤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቀዩን እስክሪብቶ ኪሴ ከትቼ እርሳስ አወጣሁና፣ “አምስቱን ቀን እናንተ ሙሏቸው” አልኩ።

“ኢዱ ጳጉሜን አራት ይሁን አምስት በምን እናውቃለን?” አለ ታሂር። “ወይ ጨረቃዋንም ተራ አስገባት!”

“እኔ ሁለቱንም ቀን አለሁ” አለች ውዱ። “ጨረቃ በታየች በማግስቱ እናንተ ሂዱ። ዘመን መለወጫን ደግሞ እናንተ ትከፍታላችሁ፤ እኔ ከልጆቼ ጋር እውላለሁ።”

“ጋሽ ሙላውስ?” አለ ታሂር።

“ዕቃ ማጠብ!” አለች ኡሙልኸይር። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ታሂርም ጻፈው።

ኢዱ ጳጉሜን አምስት፣ ዓርብ ዋለ፤ ዘመን መለወጫው በማግስቱ። እኔና ውዱ ክርስቲያኖቹን ይዘን ኢዱን ስንሠራ ዋልን። እጅጌዬን ሰብስቤ ገንዳው ላይ ቆሜ ሳለ የጎብዬው ሹፌር ጋሹ አንገቱን አስግጎ፣ “ሙላው! ቤቱን ሸጠህ ተቀጠርክበት እንዴ?” አለኝ። ስቄ አላባራሁም። ቀትር ላይ ኡሙልኸይር በአዲስ ቀሚስ፣ ልጆቿን አስከትላ ብቅ አለች። ኢድ ሙባረክ አልኳት። አንድ ሳህን አንሥታ ገለበጠችና፣ “አረፋው አልለቀቀም፤ መልሰህ እጠበው” አለችኝ። አጠብኩት።

በማግስቱ እሷና ታሂር ጎህ ሲቀድ ከፈቱ። ከቅዳሴ ስመለስ ቤቱ ሞልቷል፤ የውዱ ልጆች አደይ አበባ ይዘው በየጠረጴዛው ይዞራሉ፤ ታሂር ለገባው ሁሉ “እንኳን አደረሳችሁ” እያለ ይቀበላል።

ኡሙልኸይርን ስለ ዋጃው ሥራ ልጠይቃት ብዬ አልደፈርኩም። እሷ ግን እጇን አድርቃ እርሳሱን አነሣችና የመስከረሙን ወረቀት ማረም ጀመረች። ውዱን እየጠየቀች፣ ታሂርን እየጠየቀች። ስትጨርስ ጠጋ ብዬ አነበብኩ። ስሟ እስከ መስከረም ሠላሳ ድረስ አለ። አሥራ ሁለት ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ “ጋሽ ሙላው ዕረፍት። የእትዬ ትርንጎ ቀን ነው።”

በየወሩ ሚካኤልን ስትዘክሪ የነበረውን አልረሳችም። ያኔ ነው ዕንባዬ የመጣው። ትርንጎዬ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሁሉንም “ምን አለብሽ?” ስትዪ አንቺን የጠየቀሽ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁሽም። የሁሉንም ዕረፍት ስታመቻቺ ያንቺ የት እንደገባ ዛሬ ነው የገባኝ። ይቅር በዪኝ።

ዛሬ ጠዋት ዳዊቴን ደግሜ ስጨርስ መቃብርሽ ላይ እጄን አኑሬ “ዛሬ ምን አለብሽ?” አልኩሽ። ዘገየሁ፤ ቢሆንም ጠየቅሁሽ። ከዚያ ዐመል ሆኖብኝ ወደ ምግብ ቤቱ ስገሰግስ ኡሙልኸይር ከበሩ ላይ ማማሰያዋን ይዛ፣ “ተራህ አይደለም! ተመለስ!” ብላ አባረረችኝ። ይኸው ተመልሼ ካንቺ ጋር ነኝ። ከዞብል ተራራ በኩል ነፋስ ይመጣል፤ ማሽላው ዘንድሮ ያማረ ነው፤ እስከ ማታም የምሄድበት የለኝም።

ነፍስሽን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ።

የነገ ጠዋት ዕቃ አጣቢ፣
ያንቺው ሙላው