በር ላይ የተለጠፈው ውጤት

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል በዪው ያለችኝ እናታችን ናት፤ ብያለሁ። የእሷ ጉልበት ተሽሏታል፣ የጓዳው ጣሪያም ማፍሰሱን ትቷል።

ዋና ከተማ ተቀምጠህ ያረቀቅኸው የምርጫ ደንብ ደርሶናል። ቆጠራው ሕዝብ ፊት ይሁን፣ ውጤቱም የጣቢያው ኃላፊ ስምና ፊርማ ኖሮበት በር ላይ ይለጠፍ ብለሃል። ያንተ ስም ግን የትም የለም፤ እሳቱ ለኛ፣ ሙቀቱ ላንተ። መምህሩ ባለቤቴ የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ስለነበር አምኖህ ፈረመና ለጠፈ። «ድምፃችን የት ይገባል?» ሲሉ የኖሩ ሽማግሌዎች ቆመው ቁጥሩን አነበቡ።

በማግስቱ ሹሙ መጥቶ፣ «አስተካክለህ ሌላ ለጥፍ» አለው።

«ሰው ሁሉ ያየውን?» አለ የኔው የዋህ።

ከሐሙስ ጀምሮ ክፍሉን ሌላ አስተማሪ ይዞታል። እኔም ምሳ ቋጥሬ ፖሊስ ጣቢያ እመላለሳለሁ። ትናንት ተረኛው ፖሊስ ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰልኝና፣ «እህቴ፣ ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። ዛሬም ሠርቼ ወስጃለሁ፤ ይበርደዋል ብዬ ሹራቡንም ጨምሬ።

ልጆቹ አጎታችን መቼ ይመጣል ይላሉ። ከኔ ሰላምታ የምታገኘው፣ ራስህ መጥተህ ያንን ፖሊስ «ለምን?» ብለህ የጠየቅኸው ዕለት ነው።

እህትህ