በር ላይ የቆመው ጃንጥላ

የጠረጴዛ ጎረቤቴ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? የኔስ መሰንበት አይባልም።

የእንግሊዝኛ መምህራኑ ስልጠና ደህና ነው፤ ያንገበገበኝ የማድርበት ቤት ነው። አከራዬ ብቸኛ ባልቴት ናቸው፤ በዚህ ሁሉ የሰው አገር ከተማ በር የሚያንኳኩልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እንግሊዝኛ ለሳቸውም እንደኛው የትምህርት ቤት ነውና እየተንተባተብንም ቢሆን እናወራ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ዶፍ ሲወርድ መጡና ጃንጥላዬን «ቦሮው አድርጊኝ» አሉ። «ሌንድ» ለማለት ነው፤ መዋስንና ማዋስን እንደ ተማሪዎቻችን አምታቱት።

ምላሴ ቀደመኝ። ሃያ ዓመት ሰሌዳ ፊት የኖረ ምላስ! ጣቴን ቀስሬ «‹ሌንድ› ነው የሚባለው፤ እስቲ ይድገሙት» አልኳቸው። የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። «አመሰግናለሁ» ብለው በዚያ ዝናብ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ወጡ። ጃንጥላውን ይዤ እስከ ደረጃው ብሮጥም ዞር ብለው አላዩኝም።

ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም። ኮሪደሩ ላይ ስንገናኝ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ፤ እንዳይሳሳቱ ፈርተውኝ ነው መሰለኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል ያ ሁሉ እንግሊዝኛዬ ድራሹ ይጠፋል። ጃንጥላውን በራቸው ላይ አስደግፌዋለሁ፤ ይኸው ስንት ዝናብ ዘንቦ እንደ ደረቀ ቆሟል። አንቺ እኮ ጠመኔ ሲያልቅብሽ መሳቢያዬን ሳትጠይቂኝ ትከፍቺ ነበር! ሰው ራበኝ፣ እህቴ።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀ። እማማን ሳሚልኝ፤ ዘበኛችንን ሰላም በይልኝ። ክፍሌን የያዝሽልኝ አንቺ ነሽና፣ ልጆቹ «እስክሪብቶ ቦሮው አድርጊን» ቢሉሽ፣ በሞቴ፣ መጀመሪያ እስክሪብቶውን ስጫቸው።