በበረከት ልክ

መካነ ኢየሱስ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለሜ በረከት፣ ባለህበት ጤናው ይብዛልህ።

ይህን ደብዳቤ ወደ መተማ ለሚሄድ ሹፌር ነው የምሰጠው። ስልክህ ከመስከረም ወዲህ አይሠራም፤ እኔ ግን ጣቴ አላርፍ ብሎ በየሰዓቱ እደውላለሁ። ክፍል ውስጥ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ስለምል ልጆቹ ይስቁብኛል።

የልብስ ዲዛይንና ስፌት ትምህርቴን ልጨርስ ነው። የመጨረሻው ፈተና በአንድ ሰው ልክ የወንድ ኮት መሥራት ነበር። መምህራችን ሥዩም “የማንን ልክ ትወስጃለሽ?” ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣው ያንተ ስም ነው። አምና ወደ ሰሊጡ ሥራ ልትሄድ ስትል ለልምምድ የለካሁህ ደብተሬ ላይ አለ። ሜትሩ ኮረኮረኝ እያልክ ስትንፈራገጥ ደረትህን ሦስት ጊዜ ነው የለካሁት።

ንድፉን አወጣሁ፣ ጨርቁን ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ። ገበሩን ሁለቴ ፈትቼ መለስኩት። በኋላ “ባለ ኮቱን አምጪና ይልበሰው” ተባልኩ። “መንገድ ላይ ነው” አልኩ። ምን ልበል? ቀኑ ሲደርስ አባታችን ከስማዳ መጡልኝና እሳቸው ለበሱት። እጅጌው ጣታቸውን ዋጠው።

“ይኼማ ለእርስዎ አልተሰፋም” አሉ መምህሩ። ወደ እኔ ዞረው፣ “ማንአለሽ፣ በአባትሽ ልክ አሳጥሪው፤ ሙሉ ነጥብ እሰጥሻለሁ” አሉኝ።

መቀሱን አነሳሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ልቆርጠው ነበር። አባታችን እጄን ያዙኝ።

“ተይ ልጄ። ባለቤቱ ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?”

መቀሱን መልሼ አስቀመጥኩ። ነጥቤ አነሰ፤ ግን አልፌያለሁ።

አክስታችን የኔነሽ ሰሞኑን ቤት መጥታ ልብስህን ለቤተ ክርስቲያን እንስጥ አለች አሉ። እናታችን ሄዳ የልብስህ ሳጥን ላይ ተቀመጠች፤ እንግዳዋ እስክትወጣም አልተነሳች። አትቀየማት፣ የኔነሽ ክፉ ሰው አይደለችም።

ክረምቱ ሳይገባ ና። ከስተህም ይሆናል፣ ወፍረህም ይሆናል፤ አላውቅም። ስለዚህ በጎንና በጎኑ፣ ስፌቱ ውስጥ፣ ሁለት ሁለት ጣት ጨርቅ ትቻለሁ። ቢጠብህ እለቀዋለሁ፣ ቢሰፋህ እሰበስበዋለሁ። የቀረው ቁልፉ ብቻ ነው፤ እሱ አንተ ለብሰኸው ቆመህ ነው የሚተከል።

የቤተ ልሔሟ እመቤት መንገድህን ወደ ደጃችን ትመልሰው።

እህትህ
ማንአለሽ አንዳርጌ