ከመሐል የታጠፈው ወረቀት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ እንደገና እንደተነሳብዎት እማዬ ነግራኛለች። ሐኪሙ ያዘዘልዎትን መድኃኒት መሳቢያ ውስጥ እንደሚደብቁም ነግራኛለች። እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴቱን ካልቆጠሩት።

ያን የመካኒኩን ክስ ያስታውሱታል? ጎረቤቱን ደብድቦ አንድ ዓይኑን አጥፍቷል ተብሎ ስምንት ወር ታስሯል። አየሁ ያለችው አንዲት ልብስ ሰፊ ብቻ ናት። መጀመሪያ ቢሮዬ መጥታ ስታወራኝ፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ወረቀቱን ከመሐል አጥፌ በቀኝ በኩል የእሷን ቃል፣ በግራ በኩል የራሴን ሐሳብ ጻፍኩ። ፊቱን አላየሁትም፣ በሰማያዊ ቱታው ነው የለየሁት አለችኝ። ሰፈሩ እንዳለ ጋራዥ ነው፤ ሰማያዊ ቱታ የማይለብስ ማን አለ? በኋላ በፈረመችው ቃል ላይ ግን ፊቱን ቁልጭ አድርጋ አይታዋለች።

አለቃዬ ጋ ገብቼ ይህንን ለተከላካይ ጠበቃው መስጠት አለብን አልኩት። የዐቃቤ ሕግ የግል ማስታወሻ ለማንም አይሰጥም፣ ሕግ ይጠብቀዋል አለኝ። የእኔ ሐሳብስ ይጠበቅ። የልብስ ሰፊዋ ቃል በእኔ እጅ ስለተጻፈ የእኔ ሐሳብ ሆነ እንዴ? ሰውየውን ነጻ ሊያወጣ የሚችል ነገር ይዘን ዝም ማለት እንደማንችል እሱም ያውቃል። ሆድ ይፍጀው አለኝ። የማን ሆድ? የታሰረው አለቃዬ አይደለም።

በማግስቱ አዲስ ዘዴ ይዞ መጣ። የግራውንና የቀኙን ቀላቅለሽ በንጹሕ ወረቀት ገልብጪው፣ ከተደባለቀ በኋላ የምስክር ቃል የቱ እንደሆነ ማንም አይለየውም አለኝ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ያረጀ ሰው በስልክ መክሮት ነው አሉ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። አለቃዬ ግን ወረቀቱን አንድ ቀን እንኳ አላየውም፤ ግራና ቀኝ እንዳለው ለቢሮው ሰው ነግሬ አላውቅም።

ማክሰኞ ችሎት ላይ ወረቀቱን እጥፋቱ ላይ በመቀስ ቆርጬ ቀኙን ለዳኛዋና ለጠበቃው ሰጠሁ። ልብስ ሰፊዋ ስትጠየቅ አለቀሰች፤ ፊቱን አላየሁም ነበር አለች። መካኒኩ ተፈታ።

አለቃዬም አልማረኝም፤ ምድር ቤት ወዳለው የድሮ መዝገቦች ክፍል አዛወረኝ። እርስዎ በዐቃቤ ሕግነትዎ ዘመን የያዟቸው መዝገቦች ሁለት መደርደሪያ ሞልተዋል አባዬ። ማስታወሻዎችዎ ሁሉ በንጹሕ ወረቀት የተገለበጡ ናቸው፤ ጽሕፈትዎ እንዴት ያምራል። አንዱ የአንድ ሾፌር ነው፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት። ጠይቄ ነበር፤ ሰውየው አሁንም በሕይወት አለ፣ እስር ቤቱ ውስጥ አትክልት ያጠጣል አሉኝ።

ጉልበትዎን ይማርልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። እማዬን ይሳሙልኝ፤ ይህን ግን አያንብቡላት። ቅዳሜ የሾፌሩን መዝገብ ይዤ እመጣለሁ። ከመገልበጡ በፊት ምስክሩ ምን ብሎዎት እንደነበር የሚያስታውሱት እርስዎ ብቻ ነዎት።

የምትወድዎ ልጅዎ