ጋሼ የዋጡት ክር

የካቲት 6

ዛሬ የአክስቴን ሹራብ እጅጌ ጫፍ ጫፉን ሰፍቼ ዘጋሁት። ልትለብስ እጇን ላከች... ላከች... እጇ የለም! «ወይኔ እጄ!» ብላ ስትጮህ ደንበኛው ሁሉ ሳቀ። አባዬ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ስፌቱ ግን ቆንጆ ነው» አለ።

ስምንተኛ ክፍልን በጣም ስለወደድኩት ሁለቴ ተማርኩት። ከዚያ እሱ ጠላኝ። አሁን አባዬ ጋ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ዘምዘማ እይዛለሁ፣ ሰው እረብሻለሁ።

የድመታችንን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጋሼ። ፂሙ ሸብቷል፣ ሆዱ ቀድሞት ይገባል፣ ሥራ የለውም። እንዲህ ያለው አንተ ይባላል? አንቱ ነው የምላቸው። «ጋሼ፣ ከሰው ሱሪ ላይ ይውረዱ!» ስል አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። ሆዴን ይዤ ጓሮ ሮጥኩ።

አባዬ ከሰው ጋር የሚያወራው ልኬት ብቻ ነው። ወገብ ስንት፣ ቁመት ስንት። እማዬ ከሞተች ወዲህ ሌላው ወሬ ሁሉ የጋሼ ነው። መኪናውን እየረገጠ ቀስ ብሎ ያወራላቸዋል። እሳቸውም ጆሯቸውን ያዞራሉ። እኔ ስጠጋ ዝም ይላል። ምን ይሆን የሚላቸው?

የካቲት 7

ድንቢጦቹ ደፈሩን። አንዷ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ሜትሩን ትጎትታለች። ጥፋቱ የአባዬ ነው። ምሳውን ስጋ በዳቦ እዚያው ይበላና ጣቱን በክር ቁርጥራጭ ይጠርጋል። ከዚያ ክሩንም ፍርፋሪውንም ሰብስቦ በመስኮት ወደ ጓሮ ይወረውርላቸዋል። «ፍርፋሪው ለሆዳቸው፣ ክሩ ለቤታቸው» ይላል። አሸንዳው ሥር የሠሩትን ቤት ያላየ ጉድ አላየም። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ የሙሽራ ቀሚስ ክር ሳይቀር አለበት።

ጋሼ መሀላቸው ይጋደማሉ። ደላላው ጭራቸውን ረግጦ ያልፋል። ደላላው ያልኩት ከመስኮት መስኮት የሚዞረውን ድንቢጥ ነው። አክስቴ አይታ «ይሄ ድመት ነው ጡረተኛ?» አለች።

የካቲት 8

አባዬ የተንጠለጠለ ክር አይቶ ማለፍ አይችልም። መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው ኮት ክር ስቦ በዣንጥላ የተመታ ሰው ነው! ዛሬ ጋሼ ከጓሮ ሲገቡ ከአፋቸው ጥግ ጥቁር ክር ተንጠልጥሏል። አባዬ እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሳ በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገና ሳበው። መጣ... መጣ... ከዚያ እምቢ አለ። ጠንከር ሲያደርግ ተበጠሰ። ጋሼ አንዴ ጮኸው ጠረጴዛው ሥር ገቡ።

«አባዬ፣ ልትተረትራቸው ነው እንዴ?» አልኩ። በራሴ ቀልድ ራሴ ሳቅኩ።

ክሩን መሬት ጥሎ የጀመረውን ኮሌታ ቀጠለ። ያደረገውን ያወቀው አልመሰለኝም። እጁ ነው የሳበው እንጂ እሱ የለበትም።

የካቲት 9

ጋሼ ቁርስ እምቢ አሉ። «ቦርጭ ለማጥፋት ነው?» አልኳቸው። ምሳም እምቢ። አስመለሳቸው።

ድመት ያስመልሰዋል... አይደል?

የካቲት 10

አረፋ ብቻ ነው የሚወጣቸው። የካውያው ጠረጴዛ ሥር ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ሆዳቸውን ስነካ እንደ እንጨት ደርቋል። ውሃ በጣቴ ነክሬ ከንፈራቸውን ቀባሁ። «ጋሼ፣ ቅመሱ እንጂ፣ ለእኔ ሲሉ...» አልላሱም።

ደላላው ገብቶ አፍንጫቸው ሥር ፍርፋሪ ለቀመ። ዓይናቸውን እንኳ አላነሱም። የዛሬው ከሁሉ አስፈራኝ።

ያ ክር... አስሬ አስታወስኩት። ይሆን? እንዳይሆን። አባዬ «ብርድ ነው» ይላል። ብርድ ይሁን።

የካቲት 11

ጋሼን በካርቶን ይዘን የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ሄድን። ሆዳቸውን ዳሰሰች። አፋቸውን ከፍታ ምላሳቸውን አነሳች። ፊቷ ተለወጠ።

«ክር ውጧል» አለች። «ምላሱ ሥር ተጠምጥሞ የቀረው ወደ ሆዱ ወርዷል። አንጀቱ ክሩ ላይ ተሸብሽቧል። እንዲህ ያለ ክር መቼም አይሳብም፣ አንጀት ይቆርጣል። ይሄ ግን ተስቦ ተበጥሷል።»

መሸብሸብ ምን እንደሆነ ለአባዬ ማን ያስረዳዋል? ዕድሜ ልኩን ቀሚስ ሲሸበሽብ የኖረ ሰው! ክሩን ይዞ ሳብ ነው፣ ጨርቁ እጥፍጥፍ ይላል።

«ማን ነው የሳበው?»

አባዬን አየሁት። ባዶውን ካርቶን አቅፎ ቆሟል። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መፋተግ ጀመሩ። ሊያስታውስ ነው... ካወቀ አለቀለት። የሚያወራው ለእሳቸው ብቻ፣ እሳቸውኑ በገዛ እጁ?

«እኔ ነኝ!» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ በር ላይ ውሻ ይዞ የተቀመጠው ሰውዬ ዞሮ አየኝ።

«ለጨዋታ ነው?» አለች ሐኪሟ።

«አዎ።»

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ነው። አርጅቷል፣ ብዙ ተስፋ አታድርጉ ተባልን።

ብዙ ማድረግ ባይቻል ትንሽ ይቻላል?

የካቲት 12

ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። ሳትናገር ገባኝ።

ግቡና እዩት አለች። ገባሁ። ጆሯቸው አይዞርም። «ተነስ እንጂ» አልኩ። አንተ ማለቴን ያወቅኩት ከወጣሁ በኋላ ነው።

ጓሮ ቀበርነው። አባዬ በአዲስ የኮት ገበር ጠቀለለው።

የካቲት 13

አክስቴ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። «ቀልድሽ ነፍስ አጠፋ! ደስ አለሽ? በይ አሁን ሳቂ!» ዝም አልኩ። ዝም ስል አይታኝ ስለማታውቅ ነው መሰለኝ የባሰ ጮኸች።

አባዬ ግን አይቆጣም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ሻይ ሲቀዳ ለእኔም ቀዳ። ቀለል ያለውን ሥራ እየመረጠ ይሰጠኛል። ለምን አይቆጣም? ቀኑን ሙሉ ጣቶቹን ስጠብቅ ዋልኩ። መፋተግ ሲጀምሩ ወሬ እፈጥራለሁ። መርፌ ወጋኝ... ቁልፍ ጠፋኝ... አንድ ጊዜ ዝም ብዬ «እሳት!» ልል ምንም አልቀረኝ።

የካቲት 15

ድንቢጦቹ ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ ላይ ተኮልኩለዋል። የሚወረውርላቸው የለም።

ከምሳ በኋላ መኪናው ዝም አለ። አባዬ ጓሮ ተንበርክኮ ከሣሩ ውስጥ ክር ይለቅማል። አንድ በአንድ። ወፎቹ አጥሩ ላይ ሆነው ይጮኹበታል። ሄጄ አጠገቡ ተንበረከክኩ።

«ማን ነው የሳበው?» አለ ቀና ሳይል።

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ።»

«አንቺ? ስኳሩ ከንፈርሽ ላይ፣ ማንኪያው እጅሽ ላይ እያለ ‹እኔ አይደለሁም› እያልሽ ያደግሽው? ማንም ሳይዝሽ ‹እኔ ነኝ› አልሽ?»

አንድ ክር ከሣሩ መዝዤ ሰጠሁት።

«እዚያው ሐኪሟ ፊት ነው የገባኝ» አለ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? አክስቴ እንደዚያ ስትሰድበኝ...»

የለቀመውን ክር በመዳፉ ጨበጠ።

«ፈራሁ» አለ። «እኔ ነኝ ብል... ከዚያ በኋላ በዚህ እጄ ምን እሠራበታለሁ ብዬ ፈራሁ። በአንቺ ላይ ተውኩት። ልጄ ላይ።»

አባዬ ሲፈራ አይቼ አላውቅም። ለመቀለድ አፌን ከፈትኩ። ባዶ ነው።

«እኔም ፈርቼ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

ከፊት በር ሰው መጣ። «ቤቶች! ሱሪ የሚያሳጥር የለም?» ይላል። ደጋግሞ ተጣራ።

ሁለታችንም አልተነሳንም።